የጋሽ እንድሪስን ሸረሪት የገደልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን ነግሬያቸው አላውቅም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ፊታቸው ተንበርክኬ የምናዘዘው ኃጢአት ሁሉ ተመርጦ፣ ታጥቦና ተተኩሶ የቀረበ ነው። ሐሜት እላለሁ፣ ቁጣ እላለሁ፣ ለማሳመሪያም ትንሽ ምቀኝነት ጣል አደርግበታለሁ። እሳቸውም ስግደት ይሰጡኛል፣ እኔም ሸክም የቀለለው ሰው መስዬ እወጣለሁ። ይኼኛውን ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አላወጣሁትም፤ ለሚስቴም፣ ለወንድሜም። እናንተ አታውቁኝም፤ መንገድ ላይ ብታገኙኝ ሰላም ብላችሁኝ ታልፋላችሁ። ለዚህ ነው ለእናንተ የምነግራችሁ።

የገደልኩት ሸረሪት ነው። ከፈለጋችሁ ሳቁ። እኔም በጊዜው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከሁሉም ሰው ጮክ ብዬ ስቄበታለሁ።

ያኔ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዲግሪዬን ገና ከፖስታው ያላወጣሁ ጉረኛ ነበርኩ። አውቶቡሱ መናኸሪያ ላይ ሲያራግፈኝ ለከተማው ውለታ የዋልኩለት ነበር የመሰለኝ። በዚያ የደጋ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢውን ደርቦ ሲሄድ እኔ በስስ ሸሚዝ ክራቫት አስሬ እንቀጠቀጥ ነበር። የደረት ኪሴ ላይ ሦስት እስክሪብቶ እሰካለሁ፤ ሁለቱ አይጽፉም። አነጋገሬን የአዲስ አበባ ልጅ አስመስዬ ነበር፤ ሰው አይዞህ ለማለት «አብሽር» ሲለኝ ቃሉ እንዳልገባው ፊቴን አጨማድዳለሁ። ደሴ ያደገ ሰው አብሽር አይገባውም? እናቴ ቀን በቀን ስትለው ነው ያደግሁት።

ጋሽ እንድሪስ የትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ጠመኔ፣ መጥረጊያ፣ የተሰበረ ዴስክ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። አባታቸው ሲሞቱ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠው ነበርና፣ በዚያ ዓመት ለማታ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ተመዝግበው ከልጃቸው እኩዮች ጋር ዴስክ ይጋሩ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጭምር «ጋሽ እንድሪስ» እያለ አንቱ ይላቸዋል። እኔ ግን «እንድሪስ፣ ጠመኔ አምጣ» ነበር የምላቸው። ይህን ስጽፍ አንቱ ማለቴን አትመኑት፤ ዘግይቶ የመጣ ጨዋነት ነው። እሳቸው ግን እኔን፣ በልጃቸው ዕድሜ ያለሁትን፣ «መምህር፣ እርስዎ» ይሉኝ ነበር።

ሸረሪቷን ያገኟት ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው የሚስታቸውን ዘመዶች ሊጠይቁ በሄዱ ጊዜ ነው። ለቤት መሠረት ሲቆፈር ከድንጋይ ሥር ወጣች። መዳፍ የምታክል፣ ቡናማ፣ መላ አካሏ ጠጉር የለበሰ፤ ፈረንጆቹ ታራንቱላ ከሚሏቸው ወገን ናት። ቆፋሪዎቹ በአካፋ ሊጨፈልቋት ሲሉ ጋሽ እንድሪስ «እስቲ ተዉኝ፣ ልያት» ብለው በዱቄት ወተት ጣሳ ከተዋት ደጋ ይዘዋት ወጡ። ሚስታቸው ጣሳውን ከፍተው ካዩ በኋላ ቤት አላስገባም ስላሉ ንብረት ክፍል ገባች።

ሰውየው ስለ ሸረሪት አያያዝ የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም። እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከዜሮ ጀመሩ። አንድ ኬክ ቤት የጣለውን የመስታወት ሣጥን ለምነው አመጡ። መቆፈር እንደምትወድ ሲረዱ አንድ ስንዝር ተኩል አፈር ሞሉላት። ክዳኑን በምስማር በሱላት፤ በጠርሙስ ቆርኪ ውሃ አኖሩላት። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ከትምህርት ቤቱ ሣር ሜዳ ፌንጣ ይይዙላታል። የቆላ ፍጥረት ናት፣ ይበርዳታል ብለው ወደ ቤት ሲሄዱ ሣጥኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል። የጉድጓዷን አፍ በነጭ ድር ስትሸፍን አይተው «ሙሽሪት» ብለው ስም አወጡላት። በስልካቸው የፈረንጅ ቪዲዮ እያዩ ያልገባቸውን ቃል በወረቀት ገልብጠው ይመጡና ይጠይቁኛል። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ሞቴ ስለነበር ያሰኘኝን እተረጉምላቸው ነበር።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መጡ።

«መምህር፣ ሙሽሪት ምግብ ከነካች አሥራ አምስት ቀን ሆናት። አሟት ይሆን?»

«ሸረሪት አይታመምም» አልኩ። ይህን ከየት አመጣሁት? ከየትም።

«እኔስ ቆዳቸውን ሊቀይሩ ሲሉ ምግብ ይተዋሉ የሚል አይቼ ነበር። ሆዷም ጠቆር ብሏል።»

«ካየህ ታዲያ እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«አይ፣ የተማረ ሰው ይንገረኝ ብዬ ነው» አሉና ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ።

ይህን ንግግር ልብ በሉልኝ። አላውቅም ነበር የምልበት በር በዚያች ቀን ተዘግቷል። እኔ ራሴ ለዘጠነኛ ክፍል ሸረሪትና መሰሎቿ ሲያድጉ የላይ ሽፋናቸውን እንደሚጥሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ንብረት ክፍል ውስጥ ሊፈጸም ይችላል ብዬ ግን አላሰብኩም። ዕውቀቴ እንደ እስክሪብቶዎቼ ነበር።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሸረሪት ይሸናብናል እያሉ ይሸሹ ነበር። ቀስ በቀስ ግን በእረፍት ሰዓት ንብረት ክፍሉ በር ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ጋሽ እንድሪስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አታንኳኩባት፣ እሷ የምትሰማው በእግሯ ነው» እያሉ ያስረዳሉ። የእኔ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ እዚያ በጣቱ ቆሞ ያያል። ከዚያ አንድ ቀን ከዞኑ ትምህርት መምሪያ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ እንግዳ መጣ። ዋዜማውን ቤተ ሙከራዬን ሳስጠርግ፣ የአጉሊ መነፅሩን አቧራ ስወለውል ነው ያደርኩት። እንግዳው ቤተ ሙከራዬ ውስጥ ቆሞ ሰዓቱን አየ፤ ንብረት ክፍሉ ውስጥ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲወጣ እኔ በቆምኩበት ለርእሰ መምህሩ «ሳይንስ ያየሁት እዚህ ነው» አለው። ለመጪው የሳይንስ ቀን ጋሽ እንድሪስ ሣጥናቸውን ይዘው ደሴ ይምጡ ተባለ። እኔ አልተጠራሁም። ደሴ፣ እናቴና ጎረቤቶቼ ባሉበት ከተማ፣ የእኔ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሆኖ የሚቀርበው ጠመኔ አዳዩ ሰውዬ ነው።

ጠላኋቸው። ሌላ ቃል ብፈልግለት ራሴን ማቆላመጥ ይሆናል። አንድ ክፉ ያልሠራብኝን፣ ማለዳ ማለዳ «እንዴት አደሩ መምህር» የሚለኝን ሰው ጠላሁ።

የሳይንስ ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከላላ ከተማ የሚኖሩት የጋሽ እንድሪስ እናት ሞቱ። መርዶው ስብሰባ ላይ እንዳለን ደረሰ። ጋሽ እንድሪስ እንባቸውን በኩታቸው ጠርገው፣ ሰው ሁሉ ሲያጽናናቸው ቆይተው ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ሰደቃ ድረስ እቆያለሁ። ሙሽሪትን አደራ። እዚህ ካለው ሰው የእሷ ነገር የሚገባዎት እርስዎ ነዎት» አሉና የንብረት ክፍሉን ቁልፍና አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። «ሁሉንም ጽፌልዎታለሁ።»

ወረቀቱን ሳልገልጠው ኪሴ ከተትኩት። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ለባለ ዲግሪ መመሪያ ይጽፋል? እንዲህ ነው ያልኩት፣ በልቤ።

ሁለት ቀን በሩንም አልከፈትኩት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከፍቼ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ሙሽሪት በነጭ ድር ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ ስምንቱ እግሮቿ ወደ ላይ ተከፍተዋል።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ደስ አለኝ። ደነገጥኩ ብዬ ልጽፍላችሁ እችል ነበር፣ ግን አልደነገጥኩም። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ሞታ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ መሞቷ ተመቸኝ፤ የተመቸኝንም ነገር እውነት አደረግሁት። ኪሴ ውስጥ ወረቀት እንዳለ አስታውሼ ነበር? አዎ፣ አስታውሼ ነበር። እጄን እንኳ ወደ ኪሴ አልሰደድኩም።

ከቤተ ሙከራ የመስታወት ማሰሮና አልኮል አመጣሁ። በመቆንጠጫ ወገቧን ይዤ አነሳኋት። ለስላሳ ነበረች፤ የደረቀ ነገር አትመስልም ነበር። አልኮሉ ውስጥ ጣልኳት። እግሮቿ ተንቀሳቀሱ። አንዱ፣ ከዚያ ሌላው፣ በጣም በዝግታ፣ የመስታወቱን ግድግዳ እየዳሰሱ ወደ ላይ። ክዳኑን ከደንኩት። ከደንኩት ብቻ አይደለም፣ በመዳፌ ተጭኜ ያዝኩት። እንዳትወጣ ነው? ማሰሮ ሙሉ አልኮል ውስጥ ያለች ፍጥረት ወዴት ትወጣለች? እኔ ግን እስክትቆም ድረስ ያዝኩት። አንድ ጊዜ ከፍቼ ላወጣት እችል ነበር። አላወጣኋትም።

ወረቀቱን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ይላል፦

«መምህር ሆይ። አንደኛ፣ ውሃዋ እንዳይደርቅ። ሁለተኛ፣ አትበላም፤ ፌንጣ አያስገቡባት፣ ሊነክሳት ይችላል። ሦስተኛ፣ በጀርባዋ ተገልብጣ ቢያዩ አልሞተችም። ቆዳዋን ልትቀይር ነው። እባክዎ እጅ አይንካት፣ ሣጥኑም አይነቃነቅ፣ አንድ ቀን ሊፈጅባት ይችላል። ሸረሪት ስትሞት እግሯን ወደ ውስጥ አጥፋ ነው የምትሞተው። አላህ ይስጥልኝ። እንድሪስ።»

ሦስተኛው ሥር ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት።

ጋሽ እንድሪስ በስምንተኛው ቀን ተመለሱ። ፂማቸው አድጓል፣ ከስተዋል። ሰው ሐዘናቸውን ሊጠይቅ ሲጠጋቸው እየመለሱ ቀጥ ብለው ቤተ ሙከራ መጡ። ማሰሮውን ጠረጴዛዬ ላይ አዩት። አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ተገልብጣ ነበር?» አሉ።

«የለም። እግሯን አጥፋ ነው ያገኘኋት።»

የራሳቸውን ወረቀት ተጠቅሜ ዋሸኋቸው። ወረቀቱን ማንበቤ የሰጠኝ ጥቅም ይኸው ብቻ ነበር።

«ወረቀቱን አይተውታል?»

«አንድ በአንድ ተከትያለሁ። እንድሪስ፣ አፈሩን አይተኸዋል? ውሃ አብዝተህበት ሻግቷል። ገና ሳትሄድ ነው የገደልካት።»

አፈሩ አልሻገተም። ውሃ ቢሆን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ነበሩ የሚጠነቀቁት። ግን ስናገር ድምፄ የሰሌዳ ድምፅ ነበር፤ ጋሽ እንድሪስ ደግሞ የተማረ ሰው ይዋሻል ብለው የሚያስቡ ሰው አልነበሩም።

«በእጄ ነዋ» አሉ። «እናቴን ልቀብር ስሄድ እሷንም ገድዬ ነው የሄድኩት።» ከዚያ ቀና ብለው «እርስዎ የተቻለዎትን አድርገዋል፣ አላህ ይስጥልኝ» አሉኝ።

አመሰገኑኝ። እኔም «ምንም አይደል» አልኩ።

ያን ሰሞን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቀልድ አደረግኋት። «እንድሪስ ሸረሪት አጥምቆ ገደለ» እያልኩ አወራሁ፤ ሳቁ። ማሰሮው ላይ ወረቀት ለጥፌ አዘጋጅ ብዬ የራሴን ስም ጻፍኩ። ለሳይንስ ቀን ደሴ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ ጎረቤት ሰብስባ መጥታ አየችኝ።

ጋሽ እንድሪስ የመስታወት ሣጥኑን ለኬክ ቤቱ መለሱ። አንድ ወር ሳይሞላ የማታ ትምህርታቸውን ተዉ። ለምን ሲባሉ «ለእኔ አይሆንም፣ ያነበብኩትን እንኳ በትክክል የማልሠራ ሰው ነኝ» እንዳሉ ርእሰ መምህሩ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠመኔ ላመጣ ስሄድ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፎቻቸው በገመድ ታስረው መደርደሪያ ላይ ነበሩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ዋሽቻለሁ» የምትል አንድ ቃል። በቀን ሁለት ጊዜ በበራቸው አልፍ ነበር።

በዓመቱ ወደ ደሴ ተዛወርኩ፣ አሁን ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ክራቫቱን ትቼዋለሁ፤ ሰዎችም ትሑት ሰው ነው ይሉኛል። በፈተና ጊዜ ለቁጥጥር መካነ ሰላም የሄድኩት ባለፈው ዓመት ነው። ጋሽ እንድሪስን፣ ጡረታ ወጥተው፣ ገበያው አጠገብ አገኘኋቸው። አንቱ አልኳቸው፤ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ቤቴን ሳይረግጡ አይሄዱም ብለው ወሰዱኝ። ሥጋችን እንደማይገናኝ ያውቃሉና እንቁላልና አይብ አሠርተው አቀረቡ።

ልጃቸው ሰዓዳ እዚያ ነበረች። ያኔ ሸረሪት የምትፈራ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እሷም ባዮሎጂ ታስተምራለች። የአባቷ ነገር ሆኖባት ስለ ሸረሪት ብዙ እንዳነበበች እየሳቀች አጫወተችኝ። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«መምህር፣ ያቺን ሸረሪት ሲያገኟት እንዴት ነበር የተኛችው?»

«ቆየ እኮ፣ አላስታውሰውም» አልኩ።

«አባባ ከመሄዱ በፊት ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ትታ ነበር። ሆዷም ጠቁሯል። ያ ሞት አይደለም፣ ቆዳ መቀየር ነው። ውሃ ነው የተባለው ደግሞ...»

«ሰዓዳ» አሉ አባቷ። «እንግዳ ገበታ ላይ እንዲህ ይጠየቃል? ውሃ አብዝቼ ነው፣ እሳቸው እኮ በዓይናቸው አይተውታል።»

ልጅቷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። አወቀችብኝ። እንዳወቀችብኝ እኔም አወቅሁ። ከአባቷ ፊት ልታዋርደኝ ግን አልፈለገችም፤ ወይም አባቷን ከእኔ ውርደት ልታድናቸው ፈለገች። ተነስታ ውሃ ልታመጣ ወጣች። ጋሽ እንድሪስ በእሷ ድፍረት አፍረው፣ እኔን ለመካስ ብለው፣ እንጀራውን በአይብ ጠቅልለው አጎረሱኝ። በዚያች እጃቸው፣ ገዳይ ናት ባልኳት እጃቸው። አፌን ከፈትኩ። ዋጥኩ። ሁለተኛውንም ዋጥኩ።

እንግዲህ ይቅር ይበልህ እንድትሉኝ አይደለም የጻፍኩት። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፣ ብትሰጡኝም የሌላ ሰው ንብረት መስጠታችሁ ነው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ገበታቸው ላይ የዋሸሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ሸረሪት ናት እኮ አልልም፤ እኔ የገደልኩት በሃምሳ ዓመቱ ሊማር የተነሳ ሰው ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ጸጸት ያንገበግበኛል ብዬም አላታልላችሁም። ደህና እተኛለሁ፣ ደህና እበላለሁ። ይህን ሁሉ ገጽ ለማታውቁኝ ለእናንተ ስሞላ፣ ስልክ ቁጥራቸው እጄ ላይ ነው። መንገዱም የአንድ ቀን ነው።

ባለፈው አረፋ እሳቸው ደወሉልኝ። በእኛ በዓል እኔ አልደውልም፤ በእነሱ በዓል ግን እሳቸው ይደውሉልኛል። ቤተሰብ ጠየቁ፣ ሥራ ጠየቁ፣ ሰዓዳ ሰላም ብላዎታለች አሉኝ፤ እንዳላለች ግን አውቃለሁ። ከዚያ ዝም አልን። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

«መምህር፣ ምነው ድምፅዎ ጠፋ? ደህና አይደሉም እንዴ?» አሉኝ።

«ጉንፋን ነው» አልኳቸው።

«ውይ፣ በትኩስ ውሃ ማር በጥብጠው ይጠጡ። አላህ ያሽርዎ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ጉንፋን አልነበረብኝም።